ማክቡክ ካራቆሬ ሲገባ

ሁለት ዜናዎች ተከታትለው መጡ። መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. አፕል "ታሆ" ያለውን አዲሱን የማክ ሲስተም ለቀቀ። የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸውን ማኮች የሚቀበለው የመጨረሻው ሲስተም ይሄ እንደሆነ ቀደም ብሎ ሰኔ ላይ ተናግሮ ነበር። ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 4፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ፕሮሰሰሩ ከስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል በታች የሆነውን ኮምፒውተር አልቀበልም ይላል።

የሩቅ አገር ወሬ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የዐረብ አገር መሥሪያ ቤቶች አረጀ ያሉትን ኮምፒውተር ሲያራግፉ ዕቃው የትም አይጠፋም፤ ዞሮ ዞሮ እኛ ጋ ነው የሚመጣው። በዱባይ በኩል፣ በዘመድ ሻንጣ፣ በቴሌግራም ቻናል "ስላይትሊ ዩዝድ" ተብሎ። ዘንድሮና ከርሞ ሁለት ዓይነት ላፕቶፕ ገበያውን ሊያጥለቀልቀው ይችላል፤ አንደኛው ዊንዶውስ 11 ያልወሰደው ፒሲ፣ ሁለተኛው አፕል ፊቱን ያዞረበት የኢንቴል ማክ። ሁለቱም ይረክሳሉ። የረከሱበት ምክንያት ግን አንድ አይደለም፣ እኛንም እኩል አይጠቅሙንም።

እና ጥያቄው ይመጣል፤ "ማክ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?" ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ኮድ መጻፍ የጀመረ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም ገና ሊጀምር የሚያስብ ልጅ ነው። የኔ መልስ፦ ማኩ ጥሩ ኮምፒውተር ነው፣ ትልቁ ወጪው ግን ከተገዛ በኋላ ነው የሚጀምረው። ለማስላት እንዲመቸን ካራቆሬ ላይ ያለ ልጅ እንውሰድ። ለማታውቋት፣ ካራቆሬ ከአጣዬ አለፍ ብሎ ከሚሴ ሳይደረስ፣ የደሴው አስፋልት መሐል ለመሐል የሚሰነጥቃት የይፋት ከተማ ናት። ቆላ ናት፣ አቧራ አለ፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ ዐረብ አገር ዘመድ ያለው ቤትም ብዙ ነው። እነዚህ ነገሮች የአፕል ማስታወቂያ ውስጥ አይገቡም። ስሌቱ ውስጥ ግን ይገባሉ።

መጀመሪያ ሰው ማክን ለምን ይፈልጋል? የተገመጠውን አፕል አይቶ የሚገዛ አለ፤ እሱን እንተወው። ኮድ የሚጽፉት ሌላ ምክንያት አላቸው። ማክ ከላይ ሲታይ ያማረ ስክሪን ነው፤ ከስር ያለው ሞተር ግን ዩኒክስ ይባላል። በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ በሚባል የምርምር ተቋም ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የጀመሩት ሲስተም ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ፕሮግራም አንድ ሥራ ብቻ ይሥራ፣ እሱን ደግሞ አሳምሮ ይሥራ፤ ከዚያ አንዱ ያወጣውን ለሌላው እያቀበሉ ትልቁን ሥራ መጨረስ ይቻላል።

በምሳሌ እንየው። ካራቆሬ ዙሪያ ማሾ ይመረታል፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ያገበያየዋል። አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የዋጋ መልእክቶችን ከቴሌግራም እያወረደ 300 ፋይል አጠራቅሟል እንበል። ከዚህ ውስጥ "ማሾ" የሚል ያለበትን መስመር ብቻ ለቅሞ፣ በቀን ደርድሮ፣ የተደጋገመውን አውጥቶ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ይፈልጋል። ፋይሉን አንድ በአንድ እየከፈተ ወደ ኤክሴል ከገለበጠ ግማሽ ቀን ይሄድበታል። ተርሚናል ላይ ግን ግሬፕ፣ ሶርት እና ዩኒክ የሚባሉ ሦስት ትናንሽ ትእዛዞችን በአንድ መስመር ማያያዝ ነው። ያዘዛችሁት ሻይ ሳይመጣ ያልቃል። ማክ ይሄን ከካርቶኑ እንደወጣ ይሠራል፣ ምንም መጫን አያስፈልግም።

ዩኒክስ ለረጅም ጊዜ የድርጅቶች ዕቃ ነበር። በ1980ዎቹ ለግል ኮምፒውተር ተብሎ ሲሸጥ (የሚገርመው፣ ከሻጮቹ አንዱ ራሱ ማይክሮሶፍት ነበር፣ "ዜኒክስ" በሚል ስም) ገዢው ከግለሰብ ይልቅ ድርጅት ነበር። ነገሩን የለወጠው አፕል ነው። በ1996 መጨረሻ ስቲቭ ጆብስ ከአፕል ወጥቶ ያቋቋመውን ኔክስት የሚባል ኩባንያ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ለመግዛት ተስማማ። ከሱ ላይ ተነስቶ የሠራውን ሲስተም በ2001 አወጣ። በ2007 ደግሞ "ዩኒክስ" የሚለውን ስም የሚቆጣጠረው ዘ ኦፕን ግሩፕ የተባለ ድርጅት ለማክ የምስክር ወረቀት ሰጠው። ስለዚህ ዛሬ ተራ ሰው ቦርሳው ውስጥ ሊከተው የሚችለው፣ በገንዘብ የሚሸጥ፣ ባለ ምስክር ወረቀት ዩኒክስ ማለት በተግባር ማክ ማለት ነው። አይፎንም የዚሁ ዘር ነው።

አንድሮይድ የያዛችሁም ቢሆን ሩቅ አይደላችሁም። የአንድሮይድ ከርነል ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ማለት ደግሞ በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ተማሪ የዩኒክስን አሠራር አይቶ ከዜሮ የጻፈው፣ ማንም በነጻ ሊወስደው የሚችል ሲስተም ነው። ምስክር ወረቀት የለውም። ግሬፕ ግን ግሬፕ ነው፣ የማሾውን ሥራ እኩል ይሠራዋል። ተርመክስ የሚባለውን አፕ ስልካችሁ ላይ ብትጭኑ ያንኑ መስመር አልጋ ላይ ተጋድማችሁ መሞከር ትችላላችሁ።

ማክ ካራቆሬ ላይ የሚያሸንፍባቸውን ቦታዎች ሳልደብቅ ልንገራችሁ። አንደኛው ባትሪ ነው። አፕል ኤም1 ቺፕ ላለው ማክቡክ ኤር ኢንተርኔት ሲጠቀሙበት እስከ 15 ሰዓት ይቆያል ይላል። ያገለገለ ስትገዙ ይሄ ቁጥር እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ ግማሹ ቢቀር እንኳን መብራት ጠዋት ሄዶ ከሰዓት ሲመጣ ሥራችሁ አልቆመም። ቆላ ላለ ሰው ይሄ ከምንም በላይ ነው። ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፍለጋ መዞር የሚያስወጣውን የሻይ ሒሳብ ደምሩና እዩት።

ሁለተኛው ፍላሽ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ፕሪንት ያስደረገ ሁሉ ሾርትከት ቫይረስን ያውቀዋል። ፍላሹን ስትከፍቱት ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው፣ ሲቪያችሁ የለም። ያ ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው። ማክ ላይም ሊኑክስ ላይም ስትሰኩት ምንም ማድረግ አይችልም፤ እንዲያውም የተደበቀውን ፋይል አውጥቶ ለባለቤቱ ለመመለስ ይመቻል።

ሦስተኛው እንደ አያያዙ ነው። ኤም1 እና ከዚያ ወዲህ የወጡት ማክቡክ ኤሮች ፋን የላቸውም። አቧራ የሚስብ ነገር ስለሌለ ውስጣቸው በአቧራ አይታፈንም። ሙቀቱ ግን አለ። አፕል ራሱ ላፕቶፑ ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቦታ እንዲሠራ ነው የሚመክረው። ግንቦት ላይ ከምሳ በኋላ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ቪዲዮ ኤክስፖርት ለማድረግ ብትሞክሩ ማሽኑ ራሱን ለማብረድ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሌሊት መሥራት ነው መፍትሔው፤ የይፋት ሰው እርሻውን በጠዋት እንደሚጨርሰው ማለት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኤም1 ማክቡክ ኤር ኅዳር 2013 ዓ.ም. ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 999 ዶላር ነበር። በጊዜው የባንክ ዋጋ 38 ሺህ ብር ገደማ ማለት ነው። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ባለ ኤም4ቱ ሲወጣም መነሻው ያው 999 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ሲለቀው አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ130 ብር አልፏል። ስለዚህ ዶላሩ ሳይነቃነቅ ያ ላፕቶፕ ከ38 ሺህ ወደ 57 ሺህ፣ ከዚያ ከ130 ሺህ ብር በላይ ወጣ።

እዚህ ላይ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው መጠንቀቅ አለበት። ከሐምሌ 2016 በፊት ላፕቶፕ በባንክ ዋጋ ገዝቶ የገባለት ሰው እምብዛም አልነበረም። ሻጩ ዶላሩን የሚያገኘው ከጥቁር ገበያ ነበር፣ እዚያ ደግሞ ዋጋው ከባንኩ እጥፍ ገደማ ነበር። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ያየነው ጭማሪ ወረቀቱ ላይ ያለውን ያህል አይደለም። ግን ጨምሯል፣ ደሞዝ ደግሞ በዚያ ልክ አልሄደም።

በዚያው ሐምሌ ወር መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር "5 ሚሊዮን የኢትዮጵያ ኮደርስ"ን አስጀመረ። ትምህርቱ ነጻ ነው፣ ስልክ ላይም ይከታተሉታል፣ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ አፕ አሠራር አለው። አንድሮይድ የምትለዋን ልብ በሉ። የአንድሮይድ አፕ በማንኛውም ኮምፒውተር ይሠራል። የአይፎን አፕ ለመሥራት ግን ኤክስኮድ የሚባል ፕሮግራም ያስፈልጋል፣ እሱ የሚጫነው ማክ ላይ ብቻ ነው። የሠራችሁትን አፕ ስቶር ላይ ለማውጣት ደግሞ በዓመት 99 ዶላር ትከፍላላችሁ። በ57 ብር ሒሳብ ወደ 5,600 ብር የነበረው አሁን ከ13 ሺህ ብር አልፏል፣ ያውም ዶላር የሚከፍል ካርድ ከተገኘ። ስለዚህ "ኮድ ለመማር ማክ የግድ ነው" የሚላችሁ ሰው አንድ ነገር አምታቷል። ማክ የግድ የሚሆነው ለአይፎን አፕ ነው። ለሌላው ሁሉ ምቾት ነው።

ለማክ የሚከራከር አንድ ጥሩ የኢኮኖሚ ነጥብ አለ፣ እሱን ሳልጠቅስ ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ብር በሚወርድበት አገር ዋጋው በዶላር የሚተመን ዕቃ እንደ ቁጠባ ያገለግላል። ማክ ደግሞ ሲያረጅ ዋጋው ቶሎ አይወድቅም። በ2016 መጀመሪያ ኤም1 ገዝቶ ሁለት ዓመት የሠራበት ልጅ፣ ዛሬ ቢሸጠው በብር ሲታይ ያወጣውን ሊያገኝ ይችላል። ባንክ ያስቀመጠው ብር ይሄን አያደርግለትም። ግን ይሄ የሚሠራው ቺፑ የአፕል የራሱ ሲሆን ነው። የኢንቴል ማኮች ከአሁን በኋላ በሌላ ሕግ ነው የሚሸጡት። ኢንቴል ካላቸው ማክቡክ ኤሮች ታሆን የሚቀበል አንድም የለም። ቴሌግራም ላይ በብዛት የሚዞረው የ2017ቱ ኤር ደግሞ በ2021 በወጣው ሞንተሬይ ላይ ነው የቆመው። ሻጩ "ማክቡክ ነው፣ አይወድቅም" ሲላችሁ የትናንቱን ማክ ዝና ይዞ የዛሬውን አሮጌ ዕቃ እየሸጠ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በላይ የሚያናድደው ግን ዋጋው አይደለም፤ ባለቤትነቱ ነው። ዕቃውን ገዛችሁት ማለት የናንተ ሆነ ማለት አይደለም።

አካውንቱን እንውሰድ። ኢትዮጵያ አፕ ስቶር ካላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ አይፎን ያለው ሰው አካውንት ሲከፍት ሌላ አገር ነው ያለሁት ይላል፣ ማክ የገዛውም እንደዛው። ካራቆሬ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አካውንቱን የሚከፍተው ዕቃውን የላከው ዘመድ ነው። እህት ሪያድ ሆና ገዛችው፣ በራሷ ስልክ ቁጥር አካውንት ከፈተችበት፣ ለወንድሟ ላከችው። ሁሉም ደስ አለው። ከዓመት በኋላ ልጁ የይለፍ ቃል ሲጠየቅ የማረጋገጫ ኮዱ የሚሄደው ሳውዲ ቁጥር ላይ ነው። እሷ ሥራ ቀይራ ሲሟን ጥላው ወይም አገሯ ገብታ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ደግሞ ከተፎረመተ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚጠይቀው አፕልን ነው፣ እህትየውን ወይም ወንድምየውን አይደለም።

ሁለተኛው መቆለፊያ ከዚህ ይብሳል። የውጭ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው የሚሰጡትን ማክ ከሩቅ ይቆጣጠሩታል፤ ኮምፒውተሩ በኩባንያው ስም አፕል ጋ ተመዝግቧል። ሠራተኛው ሳይመልሰው ከወጣ፣ ወይም ኩባንያው ሲያስወግደው ከመዝገቡ ካልሰረዘው፣ ዕቃው በገበያ ዞሮ እኛ ጋ ሲደርስ ምዝገባው አብሮት ይመጣል። አንድ የማውቀው ልጅ አዲስ አበባ ካለ ሱቅ የገዛውን ኤም1 ሰባት ወር እንደ ልቡ ከሠራበት በኋላ ፎርማት ሲያደርገው፣ ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ኩባንያ ስክሪኑ ላይ መጥቶ የሠራተኛ ይለፍ ቃል ጠየቀው። ሻጩን ቢደውልለት "ስወስደው ይሠራ ነበር" አለ። እውነቱን ነው፣ ይሠራ ነበር።

ሦስተኛው ኢንተርኔት ነው። የአፕል ቺፕ ያለው ማክ ሙሉ በሙሉ ከተጠረገ በኋላ እንደገና ለመነሳት ከአፕል ሰርቨር ጋር መገናኘት አለበት። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ አማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ እንደነበር እዚህ ያለ ሰው አይረሳውም። በዚያ ወቅት ፎርማት የተደረገ ማክ ባለቤቱ ዋይፋይ ያለበት ከተማ እስኪሄድ ድረስ የሚያምር የአሉሚኒየም ትሪ ነው። ሊኑክስን በፍላሽ መጫን ግን ማንንም አያስፈቅድም። ሊኑክስ ሚንት ወደ 3 ጊጋባይት ነው፤ አንዱ ደብረ ብርሃን ሄዶ ያወርዳል፣ ሃያው ከሱ ላይ ይገለብጣል። ፊልም እንደምንቀባበለው ማለት ነው።

ፊልም ስል ደግሞ፣ ማክ ላይ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰክታችሁ ታውቃላችሁ? ሰፈር ውስጥ የሚዞረው ሃርድ ዲስክ በአብዛኛው የዊንዶውስ ፎርማት ያለው ነው። ማክ ያነበዋል፣ መጻፍ ግን እምቢ ይላል። ከጓደኛ ወስዳችሁ ታያላችሁ፣ መልሳችሁ መስጠት አትችሉም። ስስታም ያስመስላችኋል። ሊኑክስ ያነባል፣ ይጽፋልም።

ራሙም ሃርድ ዲስኩም ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ 8 ጊጋባይት የገዛ እስከ መጨረሻው 8 ጊጋባይት ነው። ቦርዱ ከሞተ ዳታውም አብሮ ይሞታል። አፕል ኢትዮጵያ ውስጥ የራሱ መደብር የለውም፤ ለመክፈት እንኳን ባለ አምስት ጥርስ ልዩ መፍቻ ይፈልጋል። የካራቆሬ ልጅ ማኩ ሲበላሽ ቢያንስ የአዲስ አበባ የትራንስፖርት ወጪ አለበት፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ።

ሥራ ፍለጋ ላይ ያላችሁት ደግሞ ይሄን ስሙ። አካውንቲንግ ወይም ኢኮኖሚክስ ተምራችሁ ድርጅት ውስጥ ብትቀጠሩ የምታገኙት ፒችትሪን ነው። ፒችትሪ የዊንዶውስ ነው። የኢንቴል ማክ ላይ ዊንዶውስን ጎን ለጎን መጫን ይቻል ነበር፤ በአዲሶቹ ያ በር ተዘግቷል፣ ያለው አማራጭ ዙሪያ ጥምጥም ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚልክላችሁ ደብዳቤ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ፣ ፓወር ግዕዝም የዊንዶውስ ነው። ስታታ፣ አር እና ፓይተን ግን ማክም ሊኑክስም ላይ ያለ ችግር ይሠራሉ። ጥናትና ዳታ ላይ ያለ ሰው አይቸገርም፣ ሒሳብ መዝገብ ላይ ያለ ሰው ይቸገራል።

አማርኛ ላይ ሊኑክስ የሚመሰገንበት የቆየ ታሪክ አለው። ኮምፒውተር የግዕዝ ፊደል በማያውቅበት በ1990ዎቹ ውጭ አገር የነበሩት ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ "ሴራ" የሚባል ደንብ አወጡ፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በየትኛው የላቲን ፊደል እንደሚወከል የሚወስን። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዛሬም ሊኑክስ ላይ አማርኛ ለመጻፍ ከሚመረጡት መንገዶች አንዱ ሴራ ነው፤ "ሰላም"ን በላቲን ፊደል ስትመቱ በግዕዝ ይወጣል፣ ክራክ ፍለጋ የለም። ማክም አማርኛ ያሳያል፣ "ከፋ" የሚባል የግዕዝ ፎንት አብሮት ይመጣል። ሲስተሙን ራሱን በአማርኛ ልቀይረው ብትሉ ግን አይሆንም።

ታዲያ ሊኑክስ ይሄን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን አልተስፋፋም? ውጭ አገር ያሉ ሰዎች "ነጻ ስለሆነ ለድሃ አገር ይሆናል" ይላሉ። የኛን ገበያ አያውቁትም። እኛ ጋ ዊንዶውስም ነጻ ነው። ክራክ የተደረገውን ጥገና ቤቱ ጭኖ ነው የሚሰጣችሁ፣ ኦፊሱን፣ ፎቶሾፑን ምኑን ጨምሮ። ሊኑክስ በዜሮ ዋጋ የሚወዳደረው ከሌላ ዜሮ ጋር ነው፣ ሌላኛው ዜሮ ደግሞ ሁሉም የለመደው ነው። ስለዚህ ነጻ መሆኑ ብቻውን ማንንም አላሳመነም። አሁን የተለወጠው ሌላኛው ዜሮ ዋጋ ማስከፈል መጀመሩ ነው። ድጋፉ የተቋረጠ፣ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ 10፣ ባንክ አፕና ኢሜይል የሚከፈትበት ኮምፒውተር ላይ በየወሩ አደጋው ይጨምራል። ሊኑክስ ሚንት 22 ግን እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ማስተካከያ ይደርሰዋል፣ ባለ 4 ጊጋባይት ራም ማሽን ላይም ይሄዳል።

የሊኑክስም ጣጣ ቀላል አይደለም። ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱት የማይነቃ ላፕቶፕ ያጋጥማል። ዋይፋዩ ድራይቨር ፈልጎ እምቢ ሊል ይችላል፣ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ዋይፋይ ያስፈልጋል። አዶቤ የለም፤ ፎቶሾፕና ፕሪሚየር ላይ የሠለጠነ ልጅ እንደገና መማር አለበት። አሮጌ የፒሲ ባትሪ ሁለት ሰዓት ከቆየ ተመስገን ነው። ሲበላሽ የምትጠይቁት ሰው ካራቆሬ ውስጥ የለም፣ ማክን የምትጠይቁት ሰው እንደሌለው ሁሉ። ልዩነቱ የሊኑክስ መልስ ኢንተርኔት ላይ መኖሩና መልሱን ተከትላችሁ ራሳችሁ መጠገን መቻላችሁ ነው። ማኩ ሲቆለፍ መልሱ የሚገኘው የእናንተ ስም በሌለበት የኩባንያ መዝገብ ውስጥ ነው።

የኔ ፍርድ እንግዲህ ይሄ ነው። ኮድ፣ ዳታ ወይም ድረ ገጽ የምትማሩ ከሆነ ከዊንዶውስ 10 ጎርፍ ጋር ከሚመጡት የቢሮ ላፕቶፖች ውስጥ ባትሪው የሚቀየርና ራሙ የሚጨመርበትን ምረጡ፣ ሚንት ጫኑበት፣ የተረፈውን ብር ለባትሪና ለዳታ አውሉት። በቪዲዮ ገንዘብ የምታገኙ ወይም የአይፎን አፕ የምትሠሩ ከሆነ ማክ ግዙ፣ ግን ኤም1 ወይም ከሱ በኋላ የወጣ ይሁን። የኢንቴል ማክን በማክነቱ አትግዙት። የ2017ቱን ኤር በእውነት በርካሽ ካገኛችሁት ሊኑክስ ይጫንበታል፣ የዋይፋዩን ጣጣ በስልክ ኬብል እየተገናኛችሁ ካለፋችሁ ጥሩ ማሽን ይወጣዋል። የምትከፍሉት ግን የሊኑክስ ላፕቶፕ ዋጋ ይሁን፣ የማክ አይሁን።

ኤም1 ለመግዛት ከወሰናችሁ ደግሞ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ሁሉንም ዳታ አጥፍቶ ከዜሮ ያስነሳው። ዋይፋይ ወይም ዳታ ተገናኝቶ ይሁን፣ ያለ ኢንተርኔት መቆለፊያዎቹ አይታዩም። የማንም ስም፣ የማንም ኩባንያ፣ የማንም ኢሜይል ሳይጠይቅ "እንኳን ደህና መጣህ" ብሎ አልፎ አዲስ አካውንት እስኪያስከፍታችሁ ድረስ ጠብቁ፤ አካውንቱንም በራሳችሁ ስልክ ቁጥር ክፈቱት። ዕቃው ከሪያድ የሚመጣ ከሆነ እህታችሁ ከመላኳ በፊት ከራሷ አካውንት ታውጣው፣ በቪዲዮ ኮል አሳዩኝ በሏት። ሻጩ "አሁን ኔትወርክ የለም፣ ቤት ሄዳችሁ ታዩታላችሁ" ካለ ብሩን ኪሳችሁ መልሳችሁ ተነሱ።